በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ምድር የማንጎ ቅቤ በረመጥ ስለ ማብሰል

በደረቁ የሀገራችን ክፍል የሚኖር ሰው ከበላው የተረፈውን ፍሬ ለነገ ሊያቆይ ቢሻ ፀሐይ አለችለት፤ ከትፎ በሰሌን ላይ ያሰጣዋል፣ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ደርቆ ለክረምት የሚተርፍ ስንቅ ይሆንለታል። ነገር ግን ከቦንጋ ወርዶ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከሚዛንም ወደ ቴፒ የሚዘልቀው የደቡብ ምዕራብ ምድር፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ የሚወርድበትና ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ኮረሪማ የሚበቅልበት ርጥብ አገር ስለ ሆነ፣ በዚያ የተሰጣ ማንጎ ከመድረቁ አስቀድሞ ይሻግታል። ቡና የሚያደርቅ ሰው ሁሉ ደመና በተነሣ ቁጥር ሸራ ይዞ ወደ ማድረቂያ አልጋው የሚሮጥበት ምድር ነውና፣ ለስላሳና ውሃማ የሆነ ፍሬ በሰማይ ቸርነት ብቻ ይደርቅልኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ፀሐይ ልትፈጽመው ያልቻለችውን ሥራ እሳት ሊፈጽመው ይገባል፤ ያውም የሚንበለበል እሳት ሳይሆን፣ አመድ ለብሶ ቀስ ብሎ የሚሠራ ረመጥ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በማንጎ ወራት ከዛፍ ሥር ወድቆ የሚቀረው ፍሬ ነው። ማንጎ የሚበስለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያለው ስለ ሆነ በገበያ ዋጋ የለውም፣ ወደ አዲስ አበባ እንዳይላክም መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነውና የበሰለው ፍሬ ተጨፍልቆ ይደርሳል። ልጆች ከጠገቡ በኋላ የቀረውን ንብና ዝንብ ይካፈሉታል። ይህን ሁሉ በረከት በአንድ ቀን እሳት ለስድስት ወር ማቆየት ሲቻል እንዲሁ ሲበሰብስ ማየት ልብን ያሳዝናል።

የፍሬ ቅቤ የሚባለው ነገር በስሙ ቅቤ ይሁን እንጂ ከላም ወተት የሆነ አንዳች ነገር የለበትም፤ በዳቦ ላይ እንደ ቅቤ የሚቀባና ልስላሴው ቅቤን የሚመስል ስለ ሆነ ብቻ እንዲህ ተሰየመ። ስለዚህም በጾም ወራት፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በፍልሰታ፣ ያለ ስጋት ሊበላ የሚችል ነው። ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ ተሰደው በፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ገበሬዎች የመከር ወራት ሲደርስ ከቤት ውጭ ትልቅ የመዳብ ጋን በእሳት ላይ ጥደው፣ ለዚህ ቅቤ ፖም የሚባለውን ፍሬ ከማለዳ እስከ ማታ እየተፈራረቁ ሲያማስሉ ይውሉ ነበር። የፍሬ ቅቤ ከማርማላታ የሚለየው በዚህ ነው፤ ማርማላታ በብዙ ስኳርና በፈጣን እሳት ይረጋል፣ የፍሬ ቅቤ ግን የሚወፍረው የፍሬው የገዛ ውሃ በዝግታ እየተነነ ሲወጣለት ነው። ስኳሩን የሚተካው ጊዜ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው፣ ቀስ ብሎ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስትም ታሪኩ መልካም ነው። ኧርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1940 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ ባለመብትነቱን ያገኘበት ይህ ድስት መነሻው እናቱ የነገረችው ወሬ ነበር፤ በሊቱዌኒያ የነበሩ አይሁድ በኦሪት ሕግ በሰንበት እሳት ማንደድ ስለማይፈቀድላቸው፣ ዐርብ ፀሐይ ሳትገባ ድስታቸውን ወደ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ወስደው በቀረው ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ እንዲበስል ይተዉት ነበር። እኛም በረመጥ የምንሠራው ሥራ ከዚያ የተለየ አይደለም።

ፖም በሀገራችን የሌለ ሆኖ አይደለም፤ በጋሞ ደጋ በጨንቻ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሚስዮናውያን እጅ ተተክሎ እስከ ዛሬ ያፈራል። ነገር ግን ፖም ብርድ የሚሻ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ በሆነው በሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ዝቅ በሚለው በቴፒ፣ የሚበቅለው ማንጎና አናናስ ነው። ከሩቅ የመጣ ውድ ፖም ገዝቶ ይህን ሥራ መሥራት ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። ማንጎው ሥጋና ልስላሴን ይሰጣል፤ አናናሱ ደግሞ ማንጎ በበሰለ ጊዜ የሚያጣውን ጎምዛዛነት ይመልስለታል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። አምስት ኪሎ ማንጎ፣ አንድ መካከለኛ አናናስ፣ ሁለት የቡና ስኒ ሙሉ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ ማር፣ አምስት ፍሬ ኮረሪማ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ ከተገኘም ሁለት ጥምዝ፣ እንዲሁም በሁለት ጣት የሚቆነጠር ጨው ያዘጋጁ። ከዚህ የሚገኘው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። ማንጎው አብዛኛው የበሰለ ይሁን፣ ከመካከሉ ግን ሁለት ወይም ሦስት ገና ጠንከር ያለ ፍሬ ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ያልበሰለው ፍሬ ጎምዛዛነቱ የበረታ ከመሆኑም በላይ ማርማላታን የሚያረጋው ባሕርይ በእርሱ ይበዛል። ከዛፍ ሥር የወደቀውን መጠቀም ይቻላል፣ ዳሩ ግን የተጨፈለቀውን ክፍል በሰፊው ቆርጠው ይጣሉ፤ የሻገተውንና የኮመጠጠ ሽታ ያለውን ፍሬ ግን ከነጭራሹ ያግልሉት።

ማንጎውን በሚወርድ ውሃ ይጠቡት። በግንጣዩ በኩል የሚወጣው ነጭ ሙጫ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካልና እጅዎ የሚቆጣ ከሆነ ዘይት ይቀቡ ወይም ጓንት ያድርጉ። ልጠው ከፍሬው እንብርት ሥጋውን ይለዩ። የሀገሩ ማንጎ ጣዕሙ ከተዳቀሉት ዝርያዎች እጅግ የሚበልጥ ሲሆን ቃጫው ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሥጋውን ከአናናሱ ጋር ከትፈው ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ግማሽ ሰዓት ይቀቅሉትና ሲለሰልስ በወንፊት ላይ በጭልፋ ጀርባ እየጫኑ ያጥልሉት። ይህ ሥራ ክንድን ያደክማል፤ ቢሆንም የሚቸኮልበት አይደለም፣ በጥርስ መካከል የሚቀር ቃጫ ያለበት የፍሬ ቅቤ ቅቤ ተብሎ ሊጠራ አይገባውምና። የአናናሱን መካከለኛ ግንድ አስቀድመው ያውጡት። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሦስት ሊትር ያህል የላመ ፍሬ ያገኛሉ።

የሎሚውን ጭማቂ አሁን ይጨምሩ፤ ከጣዕም ይልቅ ለደኅንነት የሚደረግ ነውና ምጣኔውን እንዳያጎድሉ እለምንዎታለሁ። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አየር በሌለበት ቦታ የሚራባ፣ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ረቂቅ ሕዋስ አለ፤ እርሱም ጎምዛዛ በሆነ ምግብ ውስጥ ሊያድግ አይችልም። በኬሚስቶች መለኪያ ፒኤች የሚባለው ቁጥር ከ4.6 በታች ሲሆን እንዲህ ያለው ምግብ በፈላ ውሃ ሊጠበቅ ይችላል። አናናስ ከዚህ ወሰን በታች በደኅና ርቆ ይገኛል፤ በጣም የበሰለ ማንጎ ግን ወደ ወሰኑ ይጠጋል፣ አንዳንድ ጊዜም ያልፈዋል። ሙዝና ፓፓያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወሰኑ በላይ ናቸውና በዚሁ መንገድ አብስለው በጠርሙስ ሊያቆዩአቸው አይሞክሩ፤ በእነርሱ ቢሠሩ በማቀዝቀዣ አኑረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱት።

ድስቱ ለብቻው የተቀመጠ ይሁን። የተሟሸ የሸክላ ድስት ሙቀትን ቀስ አድርጎ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ስለሚመልስ ለዚህ ሥራ እጅግ የተስማማ ነው፤ ወጥ የተሠራበት ከሆነ ግን የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ሽታ በሸክላው ውስጥ ሰርጎ ይኖራልና ማንጎው ያንን መዓዛ ይወርሳል። የአሉሚኒየም ድስት ጎምዛዛ ነገር ለረጅም ሰዓት ሲበስልበት ጣዕሙን ያበላሻል፤ ሸክላ ከሌለ የማይዝግ ብረት ይምረጡ። ሁለት ጉዳዮች ላይ ይጠንቀቁ፦ ሸክላውን ባዶውን በእሳት ላይ አይጣዱ፣ በጋለ ሸክላም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፣ ይሰነጠቃልና።

አሁን ስለ እሳቱ እንናገር፤ የሥራው ነፍስ ያለችው በዚህ ነውና። ከሰሉን በማንደጃው ላይ ከቤት ውጭ ወይም ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ያቀጣጥሉት፤ በዝናብ አገር ከሰል ርጥበት ስለሚወስድ አስቀድሞ በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ይበጃል። ከሰሉ በሙሉ ቀልቶ ነበልባሉ ሲያልፍና ላዩ ነጭ አመድ ሲለብስ፣ ያንን አመድ እንዳያራግፉት፤ ይልቁንም ከዳር ያለውን ጥቂት አመድ በላዩ ጨምረው ድስቱን ይጣዱ። የሚፈለገው ሙቀት በፍሬው ላይ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ በድስቱ መካከል አንድ አረፋ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይፈነዳል፣ ሌላው እስኪተካው ድረስም እርስዎ እስከ አምስት ሊቆጥሩ ይችላሉ። አረፋዎቹ ተከታትለው ከተንተከተኩ እሳቱ በርትቷል፣ አመድ ይጨምሩበት፤ ላዩ ጸጥ ብሎ ከቆየ ግን ከሰሉ ደክሟልና ሁለት ወይም ሦስት ፍም ከጎን ያስገቡ። ድስቱን ሙሉ በሙሉ አይክደኑት፤ ውሃው በእንፋሎት መልክ የሚወጣበት በር ሊኖረው ይገባል፣ በሰፊ ወንፊት ወይም በቀጭን ሻሽ ቢሸፈን ግን ንብና ዝንብን ይከለክላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት በየሩብ ሰዓቱ ማማሰል ይበቃል፤ ፍሬው እየወፈረ ሲሄድ ግን ጊዜውን ያሳጥሩ፣ በመጨረሻው ሰዓት ከድስቱ አጠገብ አይራቁ። ማማሰያው የድስቱን ታች እየፋቀ ይዙር እንጂ በላዩ ብቻ አይንሳፈፍ። የወፈረ ማንጎ በሚፈላበት ጊዜ ይረጫል፣ የተረጨውም ከውሃ ይልቅ ክፉኛ ያቃጥላልና እጅጌዎ ረጅም ይሁን፣ ሕፃናትንም ያርቁ።

ረመጡን በሌሊት ዘግተው በቤት ውስጥ ትተው እንዳይተኙ አጥብቄ እናገራለሁ። አመድ የለበሰ ከሰል ምንም ጭስ ባይታይበትም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ይተነፍሳል፣ በተዘጋ ቤትም ውስጥ ተኝቶ የነበረን ሰው ሳይነቃ ነፍሱን ሊወስድ ይችላል። ይህ ሥራ የቀን ሥራ ነው፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከተጀመረ ከቀኑ በስምንት ወይም በዘጠኝ ሰዓት ያልቃል።

እኔ ራሴ በመጀመሪያ በሠራሁት ጊዜ በአራተኛው ሰዓት ላይ ዝናብ ሊመጣ መሆኑን አይቼ እሳቱን አበረታሁ፤ በአንድ ሰዓት የቀረውን ልጨርስ አስቤ ነበር። ፍሬው በላዩ ገና ቀጭን ሳለ ከታች ያዘ፣ የማረሩም ሽታ በመላው ድስት ውስጥ ገባ፤ አምስት ኪሎ ማንጎ አንድም ማንኪያ ሳይበላ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ደመና ሲመጣ ማንደጃውን ከነድስቱ ክፍት ወደ ሆነው በረንዳ እወስዳለሁ እንጂ እሳቱን አልነካም። የእርስዎም ድስት ቢይዝ፣ ሳይፍቁትና ሳያማስሉት የላይኛውን ፍሬ ወደ ሌላ ድስት ያዙሩ፤ ገና በጊዜው ከሆነ የላይኛው ጣዕሙ ሳይበላሽ ይተርፋል።

የኤሌክትሪክ ድስት ላላቸው ሰዎች መንገዱ የቀለለ ነው። የላመውን ፍሬ እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ሞልተው በዝቅተኛው ሙቀት ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያቆዩታል፤ ክዳኑን ግን ሁለት የእንጨት ማንኪያዎች በድስቱ አፍ ላይ አጋድመው በእነርሱ ላይ ያሳርፉት፣ አለዚያ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ፍሬው ቢውል ቢያድር አይወፍርም። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ዘመዶች ይህን ድስት ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ማቁላያ አድርገውት ይገኛሉ፣ አንዳንዶቹም ለእናቶቻቸው ይልኩታል። ከአሜሪካ የመጣው ድስት በ120 ቮልት የሚሠራ መሆኑን፣ በእኛ አገር ያለው ግን 220 ቮልት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት በቅጽበት ይቃጠላል። መብራት ቢቋረጥም ፍሬውን በውስጡ ለብ ብሎ እንዲያድር አይተዉት፤ ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው በከሰል ይጨርሱት።

ስለ ኮረሪማ ጥቂት ልቆይ። በየመጻሕፍቱ የሚገኘው የፍሬ ቅቤ አሠራር ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሩ ይላል፤ ሁለቱም መልካም ቅመሞች ናቸው፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው እንጂ። የደቡብ ምዕራብ ደን ግን የራሱ የሆነ መዓዛ ያለው ቅመም ስላለው፣ የዕፀዋት ሊቃውንት እንኳ በላቲን ስሙ ውስጥ ኮረሪማ የሚለውን የእኛኑ ቃል አኑረውለታል። ቴፒ የብሔራዊ ቅመማ ቅመም ምርምር ማእከል የተቋቋመባት ከተማ ሆና ሳለ፣ በዚያ የሚሠራ የፍሬ ቅቤ ቀረፋ ቢሸት እኔ አዝናለሁ። ኮረሪማውን ከገዙ በኋላ ቅርፊቱን ፈልፍለው ፍሬውን ብቻ በሙቀጫ ይውቀጡት፤ አስቀድሞ ተወቅጦ የቆየ ዱቄት መዓዛው ጠፍቷል። ዝንጅብሉን ከፍሬው ጋር ከመጀመሪያው ያብስሉት፣ እርሱ ሙቀትን ይታገሣልና። ኮረሪማውንና ጥምዙን ግን ሊወርድ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይጨምሩ፤ መዓዛቸው ያለው ቶሎ በሚተን ዘይት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢገቡ ጎረቤቱን ሁሉ አሽትተው ድስቱን ባዶ ይተዉታል። ጥምዝ የበዛበት ያቃጥላል፤ ከሁለት አይበልጥ።

መድረሱን ለማወቅ ሥራው ሲጀመር ንጹሕ ዘንግ በድስቱ ውስጥ አቁመው ፍሬው የደረሰበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ ፍሬው ወደ ግማሹ ሲወርድ ጊዜው ቀርቧል። ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ አንድ ማንኪያ ጣል አድርገው ጥቂት ይጠብቁ፤ በዙሪያው ቀጭን ውሃ ከፈሰሰ ገና ነው፣ ጉብ ብሎ ከቆመና ዙሪያው ደረቅ ከሆነ ደርሷል። ኅብሩም ከብሩህ ቢጫነት ወደ ጠቆር ያለ የማር መልክ ይለወጣል። ማሩንና ጨውን በዚህ ጊዜ ጨምረው አሥር ደቂቃ ብቻ ያማስሉ። የሸካና የከፋ ደን ማር፣ በተለይ ከገተሜ አበባ የሚገኘው ነጩ ማር፣ ጣዕሙ ስስ ስለ ሆነ በብዙ እሳት ሊጠፋ አይገባውም። ማር የገባበትን ይህን ምግብ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይስጡ።

ጠርሙሶቹ ሩብ ሊትር የሚይዙ ትንንሾች ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ሲከፈት በቶሎ ያልቃልና። በሳሙና ታጥበው በሚፈላ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ ክዳናቸው ያልዛገና ያልተጣመመ፣ ቢቻል አዲስ ይሁን። ትኩሱን ፍሬ በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከአፉ በታች የግማሽ ጣት ስፋት ያህል ትተው ይሙሉ፤ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይክደኑ። ከዚያም በትልቅ ድስት ታች ጨርቅ አንጥፈው ጠርሙሶቹን ያቁሙ፣ ውሃው ከክዳናቸው ሁለት ጣት በላይ ይሁን፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ ይቁጠሩ። በባሕር ዳርቻ አገሮች አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በሚዛን ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለ ሆነ፣ ያነሰውን ሙቀት በጊዜ ማካካስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ የሚሠሩት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ።

ጠርሙሶቹን አውጥተው በጨርቅ ላይ ያሳርፉ። በማግሥቱ የእያንዳንዱን ክዳን መካከል በጣት ይጫኑ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ በሚገባ ታሽጓል፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ከሆነ ግን ያ ጠርሙስ ወደ ማቀዝቀዣ ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበላ። በደኅና የታሸገው በጨለማና በቀዝቃዛ መደርደሪያ ስድስት ወር ይቆያል። በላዩ የተሠራበትን ቀን ይጻፉ። ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚያፍዋጭ ወይም የሻገተ ቢያገኙ፣ ላዩን ገፍፎ የቀረውን መብላት የለም፤ ሳይቀምሱ ሙሉውን ይጣሉት።

በዳቦ ይበላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው በተቀቀለ ትኩስ ጎደሬ ላይ ነው፤ ጎደሬ በራሱ ጣዕሙ ጭምት ስለ ሆነ የማንጎውን ጎምዛዛነትና የኮረሪማውን መዓዛ ሳይሻማ ይቀበላል። በድስቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቀረውንም አይጠቡት፤ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍስሰው በማማሰያው ይፋቁት፣ ጠርሙሶቹ እየቀዘቀዙ ክዳኖቻቸው አንድ በአንድ ቀጭ ሲሉ እየሰሙ፣ ቀኑን ሙሉ በማማሰል ከረዳዎት ሰው ጋር ተካፍለው ይጠጡት።